ከአምበር እስከ ተቀባዩ እጅ፦ በፈጣን መልእክት የሚላኩ ዕቃዎች አስተሻሸግ

መግቢያ

የኢትዮጵያ ፖስታ አገልግሎት በ1886 ዓ.ም. ተመሥርቶ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆኗል። ዛሬ ከዚህ ነባር ተቋም ጎን ለጎን የፈጣን መልእክት ወይም የኩሪየር አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች ዕቃ ያደርሳሉ፤ አገር አቋራጭ አውቶቡሶችም በየመስመራቸው ጥቅል ዕቃ ይጭናሉ። በትናንሽ ከተሞች የሚኖሩ ተገልጋዮች ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጆቻቸው ስንቅ፣ ለዘመድ መድኃኒት፣ ለመሥሪያ ቤት ሰነድ፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦቻቸውም የአገር ቤት ምግብና አልባሳት የሚልኩት በእነዚህ መንገዶች ነው።

ዕቃው በደኅና መድረሱ ግን በአጓጓዡ ጥንቃቄ ብቻ አይወሰንም። በዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ መሠረት ጉዳቱ ከላኪው ጥፋት ወይም ከዕቃው ባሕርይ የመነጨ ከሆነ አስተላላፊው ፖስታ ቤት በካሳ አይጠየቅም። ጉድለት ያለበት አስተሻሸግም እንደ ላኪው ጥፋት የሚታይ ነው። ስለዚህ ማሸግ ንብረትን የመጠበቅ ብቻ ሳይሆን ካሳ የመጠየቅ መብትን የመጠበቅም ተግባር ነው።

ይህ ጽሑፍ በምሥራቅ ጎጃም ዞን የአነደድ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን አምበርን በመነሻነት ወስዶ ልዩ ልዩ ዕቃዎች እንዴት መታሸግ እንዳለባቸው ያብራራል። ከሌላ አካባቢ የሚልኩ ተገልጋዮችም የራሳቸውን መንገድና የአየር ጠባይ እያገናዘቡ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

1. ዕቃው የሚያልፍበትን መንገድ ማወቅ

አምበር ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ዕቃ ደጀንን ካለፈ በኋላ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮም እንደገና ወደ ጎሐ ጽዮን ደጋ ይወጣል። ቁልቁለቱም ሆነ ዳገቱ ከ1000 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አለው። ይህም ማለት ዕቃው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከብርድ ወደ ቆላ ሙቀት፣ ከሙቀትም መልሶ ወደ ብርድ ይሸጋገራል።

በዚህ ጉዞ ጥቅሉ ቢያንስ አምስት ነገሮችን መቋቋም ይኖርበታል።

• ምት፦ በመጫንና በማውረድ ጊዜ የሚያጋጥም መውደቅ እና በመንገድ ላይ የማያቋርጥ ንዝረት።
• ጫና፦ በላዩ ላይ የሚደረደሩ የሌሎች ሰዎች ዕቃዎች ክብደት።
• እርጥበት፦ በተለይ በክረምት ወራት በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ለሚጫን ዕቃ ዝናብ።
• ሙቀት፦ በዓባይ ሸለቆ እና በተዘጋ የጭነት ክፍል ውስጥ የሚፈጠር።
• የአየር ግፊት ለውጥ፦ ከፍታ ሲቀያየር የፕላስቲክ መያዣ ግድግዳ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እየተገፋ ክዳኑን ያላላል።

ላኪው ከማሸጉ በፊት «ይህን ዕቃ ከአምስቱ የትኛው ይጎዳዋል?» ብሎ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል። ሰነድ ከምት ይልቅ እርጥበት ይጎዳዋል፤ ጀበና እርጥበትን ቢችልም ምትን አይችልም፤ ቅቤ ምትን ቢችልም ሙቀትን አይችልም። የአስተሻሸጉ ዓይነት የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

2. ለሁሉም ዕቃዎች የሚያገለግል ሥርዓት

ካርቶን፦ አዲስ ወይም ያልተጎዳ፣ ጠርዙ ያልላመ፣ እርጥበት ያልነካው ካርቶን ይመረጣል። ለሳሙና ወይም ለዘይት ያገለገለ ካርቶን ሽታና ቅባት ስለሚያስተላልፍ ለምግብም ሆነ ለልብስ አይሆንም። በአሮጌ ካርቶን ላይ ያሉ የቀድሞ አድራሻዎችና ምልክቶች ሙሉ በሙሉ መነሣት ወይም መሸፈን ይኖርባቸዋል።

ትራስ፦ በዕቃውና በካርቶኑ ግድግዳ መካከል በሁሉም አቅጣጫ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ተትቶ በተጨማደደ ወረቀት፣ በስፖንጅ ወይም በአሮጌ ጨርቅ ይሞላል። ጭድና ገለባ በአገር ውስጥ ሊያገለግሉ ቢችሉም ወደ ውጭ ለሚላክ ዕቃ መዋል የለባቸውም። ብዙ አገሮች የዕፅዋት በሽታና ተባይ እንዳይገባ ሲሉ ይከለክሏቸዋል።

ማጣበቂያ፦ ሰፊ የካርቶን ፕላስተር በክዳኑ መካከለኛ መስመርና በሁለቱ ዳርቻዎች፣ ከላይም ከታችም መለጠፍ ይኖርበታል። በገመድ ብቻ የታሰረ ካርቶን በንዝረት ይላላል፤ ገመዱም በሌላ ዕቃ ላይ ሊጠመድ ይችላል።

ፍተሻ በላኪው፦ ጥቅሉ ከተዘጋ በኋላ ቀስ ተብሎ ይወዘወዛል። ውስጡ የሚንቀሳቀስ ወይም ድምፅ የሚሰጥ ነገር ካለ ተከፍቶ እንደገና ሊሞላ ይገባል።

ፍተሻ በአገልግሎት ሰጪው፦ ዕቃው ለጸጥታም ሆነ ለጉምሩክ ሊፈተሽ ስለሚችል የውጭው ካርቶን ሳይታሸግ ወደ ቢሮው ቀርቦ፣ ከፍተሻው በኋላ በዚያው ቢታሸግ ይመረጣል። ላኪዎች ፕላስተርና መቀስ ይዘው ቢሄዱ ጊዜ ይቆጥባሉ።

3. አስተሻሸግ በየዕቃው ዓይነት

3.1 ጀበና፣ ሲኒ፣ ምጣድና ሌሎች ተሰባሪ ዕቃዎች

ጀበና በቅድሚያ የሚሰበረው በአፉ፣ በጡቱና በእጀታው በኩል ነው። በመሆኑም እነዚህ ክፍሎች ለየብቻቸው በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ከተጠቀለሉ በኋላ ጠቅላላው ጀበና በድጋሚ ይጠቀለላል። ጥቅሉ በትንሽ ካርቶን፣ ያም ትንሽ ካርቶን በትልቅ ካርቶን ውስጥ ቢገባ የምቱን ኃይል የውጭው ካርቶን ይሸከመዋል።

ሲኒዎች አንዱ በሌላው ውስጥ ተደራርበው መታሸግ የለባቸውም። እያንዳንዱ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ በመካከላቸውም የካርቶን ግድግዳ ተደርጎ ይደረደራሉ። ብርጭቆዎች ውስጣቸው በወረቀት መሞላት ይኖርበታል።

የሸክላ ምጣድ ተኝቶ ከተላከ ከላዩ የሚጫነው ክብደት መካከሉን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ በሁለት ጣውላዎች ወይም ወፍራም ካርቶኖች መካከል በስፖንጅ ተይዞ፣ በጠርዙ ቆሞ ሊጓዝ ይገባል። «ተሰባሪ» የሚለው ጽሑፍና የሚቆምበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት በአራቱም ጎኖች ይጻፋሉ። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ማሳሰቢያ እንጂ ጥበቃ አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም።

3.2 በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ

የደረቁ ምግቦች ትልቁ ጠላት በውስጣቸው የሚቀር እርጥበት ነው። ከወፍጮ ቤት የወጣ በርበሬ ወይም ሽሮ ትኩስ ነው። ትኩሱን እንደያዘ በፌስታል ከታሰረ እንፋሎቱ በፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ወደ ውኃ ተለውጦ ዱቄቱን ያሻግታል። ሻጋታ ለጤና ጎጂ የሆነ መርዝ ሊያመነጭ ስለሚችል ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አይደለም። ስለዚህ ዱቄቱ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ሊታሸግ ይገባል፤ አንድ ሌሊት ማሳደር ይመከራል።

ዱቄት በሁለት ድርብ ወፍራም ፕላስቲክ ተደርጎ፣ አየሩ ወጥቶ፣ አፉ ታስሮና ታጥፎ በፕላስተር ይዘጋል። በርበሬና ቅመም ሽታቸውና ቅባታቸው ወደ ሌላ ዕቃ ስለሚተላለፍ ከልብስና ከሰነድ ጋር በአንድ ካርቶን ባይላኩ ይመረጣል። ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ በቀላሉ ስለሚፈረፈሩ እንደ ዱቄት በከረጢት ሳይሆን ክዳን ባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ይላካሉ። በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ የይዘቱ ስም መጻፉ በፍተሻ ጊዜ ጥርጣሬን ያስወግዳል፤ ስም የሌለው ቀይ ወይም ነጭ ዱቄት ለምርመራ ሊቆይ ይችላል።

3.3 ማርና ቅቤ

ከአካባቢው ከሚላኩ ዕቃዎች በዓባይ ሸለቆ ሙቀት ይበልጥ የሚፈተኑት ማርና ቅቤ ናቸው። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል። በአምበር ጠዋት ድንጋይ የመሰለ ቅቤ ሸለቆው ውስጥ ዘይት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በመሆኑም ቅቤ ምንጊዜም እንደ ፈሳሽ ዕቃ ሊታሸግ ይገባል። ለረጅም ጉዞ ጥሬ ቅቤ ሳይሆን የተነጠረ ቅቤ ይመረጣል፤ ውኃውና የወተት ዝቃጩ ስለተወገደ ቶሎ አይበላሽም።

ማር በውስጡ ያለው ውኃ ከበዛ ወይም እርጥበት ከገባበት ይፈላል፤ ሲፈላም ጋዝ ስለሚፈጥር ክዳኑን ገፍቶ ይከፍታል። ስለዚህ ከሰፈፉ የተጣራ፣ ያልፈላ ማር ብቻ ይላካል።

ለሁለቱም የሚከተለው ሥርዓት ያገለግላል።

• በጥምዝ የሚዘጋ ክዳን ያለው ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ መምረጥ፤ የመስታወት ጠርሙስን ማስወገድ።
• ዕቃውን እስከ አፉ አለመሙላት፤ ለመስፋፋት የሚሆን አንድ አሥረኛ ያህል ባዶ ቦታ መተው።
• ከክዳኑ ሥር ፕላስቲክ አልብሶ ማጥበቅ፤ በዙሪያውም ፕላስተር ማድረግ።
• ሙሉ ዕቃውን በሁለት ፌስታል ለየብቻ ማሰር።
• ቢያፈስ የሚመጥ በቂ ጨርቅ ወይም ጋዜጣ በዙሪያው ማድረግ።
• ካርቶኑ ላይ የቆመበትን አቅጣጫ በቀስት ማመልከት።

ማርና ቅቤን ወደ ውጭ ለመላክ የተቀባዩ አገር ሕግ አስቀድሞ መጣራት አለበት። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች ቅቤና አይብን ጨምሮ የወተት ተዋጽኦዎችን እንዲሁም ሥጋን ከአብዛኞቹ የውጭ አገሮች ለግል ፍጆታ እንኳ በፖስታ እንዲገቡ አይፈቅዱም። እንዲህ ያለ ዕቃ ምንም ያህል በጥሩ ሁኔታ ቢታሸግ ድንበር ላይ ተይዞ ይወገዳል።

3.4 ሰነዶች

የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር እና የፍርድ ቤት ውሳኔ ቢጠፉ በገንዘብ የማይተኩ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት ላሽገው?» ሳይሆን «ዋናውን መላክ ግድ ነው ወይ?» የሚለው መሆን አለበት። ተቀባዩ መሥሪያ ቤት የተረጋገጠ ቅጂ የሚቀበል ከሆነ ዋናው በላኪው እጅ ይቆይ። ዋናውን መላክ ግድ ከሆነ፦

• ሁሉም ገጽ በግልጽ ተቀድቶ ወይም ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይቀመጥ፤
• ሰነዱ ሳይታጠፍ በፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ ገብቶ፣ ከፊትና ከኋላ በጠንካራ ካርቶን ይደገፍ፤
• በአደራ በሚመዘገብና መከታተያ ቁጥር ባለው አገልግሎት ይላክ እንጂ በሌላ ዕቃ መካከል ተሸጉጦ አይላክ።

ሰነድን እንዳይበላሽ በማሰብ በፕላስቲክ ማስለበጥ አይመከርም። በተለበጠ ወረቀት ላይ የማረጋገጫ ማኅተም ማሳረፍ ስለማይቻል ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ማስረጃዎች እንቅፋት ይሆናል።

3.5 አልባሳትና የስፌት ሥራዎች

ጋቢ፣ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ በደንብ ከደረቁ በኋላ ታጥፈው በፕላስቲክ ተጠቅልለው፣ ከዚያ በካርቶን ይላካሉ። ጥልፍ ያለው ክፍል ወደ ውስጥ ታጥፎ በንጹሕ ወረቀት ቢለይ ቀለሙ ወደ ነጩ አይተላለፍም። ልብስን በማዳበሪያ ከረጢት ብቻ መላክ ለዝናብና ለመቀደድ ያጋልጣል።

መሶብ፣ ሰፌድና አገልግል ቀላል ቢሆኑም ጫናን አይችሉም። ውስጣቸው በልብስ ወይም በወረቀት ተሞልቶ በጠንካራ ካርቶን ሊገቡ ይገባል። ሰፋፊ ዕቃ ስለሆኑ ዋጋቸው የሚሰላው እንዴት እንደሆነ በክፍል 6 ተመልክቷል።

3.6 ስልክ፣ ኮምፒውተርና ባትሪ

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከተቻለ በፋብሪካው ካርቶን፣ ካልሆነ በድርብ ካርቶንና በስፖንጅ ይታሸጋል። ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ የማብሪያ ቁልፉም በጉዞ ላይ እንዳይነካ ይሸፈናል። በውስጡ ያለ መረጃ ከመላኩ በፊት በሌላ ቦታ ይቀመጣል።

ሊቲየም ባትሪ ሲወጋ፣ ሲጨፈለቅ ወይም ሁለቱ ጫፎቹ ከብረት ጋር ሲገናኙ ሊቀጣጠል ይችላል። በዚህ ምክንያት ከመሣሪያ ተነጥለው የሚላኩ ሊቲየም አዮን ባትሪዎች እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ በመንገደኞች አውሮፕላን በጭነት መልክ እንዳይጫኑ ተከልክለዋል። ፓወር ባንክም በዚሁ ክልከላ ውስጥ ይካተታል። ያበጠ፣ የሞቀ ወይም የተጎዳ ባትሪ ደግሞ በማንኛውም መንገድ መላክ የለበትም።

3.7 መድኃኒት

መድኃኒት ከነማሸጊያውና ከነመግለጫ ወረቀቱ፣ ከሐኪም ማዘዣው ቅጂ ጋር ይላካል። እንክብሎችን ከማሸጊያቸው አውጥቶ በላስቲክ መላክ የመድኃኒቱን ማንነትና የአገልግሎት ጊዜ ስለሚያጠፋ አደገኛ ነው።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት ይኖርበታል፤ ከቀዘቀዘ ወደ በረዶነት ከተለወጠ ግን ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ስለዚህ የበረዶ ከረጢት በቀጥታ እንዳይነካው በጨርቅ ተለይቶ፣ ሙቀት በማያስገባ ሣጥን ይታሸጋል። የቀዝቃዛ ጭነት አገልግሎት በሌለበት መስመር በተራ ጥቅል ከመላክ በተቀባዩ አቅራቢያ የሚገኝን መድኃኒት ቤት ማጣራት ይሻላል። ሙቀት ያበላሸው ኢንሱሊን በዓይን ላይለይ ይችላል፤ ታካሚው ግን ሕይወቱን በእርሱ ላይ ይጥላል።

4. የማይላኩና ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው ዕቃዎች

በአንድ ተሽከርካሪ የሚጓዘው የአንድ ላኪ ዕቃ ብቻ አይደለም። የአንዱ ጄሪካን ቢያፈስ የሌላውን ስንቅ ይመርዛል፤ የአንዱ ላይተር ቢቀጣጠል መንገደኞቹን ጭምር ለአደጋ ያጋልጣል። በመሆኑም የሚከተሉት በተራ ጥቅል መላክ የለባቸውም።

• ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ ላይተር፣ ክብሪት፣ የጋዝ ሲሊንደርና ቀለም፤
• ፀረ ተባይ፣ ፀረ አረምና ሌሎች መርዛማ ኬሚካሎች፤
• የጦር መሣሪያ፣ ጥይትና ፈንጂ፤
• ጥሬ ገንዘብ፤ ይህ በባንክ መላክ ይኖርበታል።

የአገር ቤት አረቄ ተቀጣጣይ በመሆኑ፣ ሽቶም በተመሳሳይ ምክንያት፣ ለአየር ጭነት ልዩ ሥርዓት ይጠይቃሉ። ጫት በአገር ውስጥ የሚሸጥ ቢሆንም አሜሪካንና ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሪታንያን ጨምሮ በብዙ አገሮች የተከለከለ ነው፤ በጥቅሉ ውስጥ መገኘቱ ተቀባዩን በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል።

ጎጃም የጥንታውያን አድባራትና ገዳማት አገር እንደመሆኑ የብራና መጻሕፍት፣ የጥንት መስቀሎችና ሥዕሎች ጉዳይ የተለየ ጥንቃቄ ያሻዋል። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ክልክል ነው። አዲስ የተሠራ መስቀል ወይም ሥዕል የሚልክ ተገልጋይም ዕቃው ቅርስ አለመሆኑን ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ ቢያረጋግጥ ከመጉላላት ይድናል። ዘርና ችግኝ ወደ ውጭ ለመላክም የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትና አግባብነት ያለው ፈቃድ ያስፈልጋል።

5. አድራሻና የጉምሩክ መግለጫ

በአብዛኞቹ የአገራችን ከተሞች ጥቅል የሚደርሰው በቤት ቁጥር ሳይሆን በስልክ ጥሪ ነው። ስለዚህ የተቀባዩ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ካለ እርሱ እና ሁለት የስልክ ቁጥሮች ይጻፋሉ። ስሙ በመታወቂያው ላይ እንዳለው መሆን አለበት። በቤት መጠሪያ ወይም በቁልምጫ ስም የተላከ ዕቃ ተቀባዩ ማንነቱን ማረጋገጥ ስለማይችል ሊመለስ ይችላል። የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ በሌላ ወረቀት ተጽፎ በካርቶኑ ውስጥም ይቀመጣል፤ የውጭው ጽሑፍ በዝናብ ቢጠፋ ዕቃው ባለቤቱን የሚያገኘው በዚህ ነው።

በፖስታ ወደ ውጭ ለሚላክ ዕቃ ሲኤን 22 ወይም ሲኤን 23 የተሰኘው የጉምሩክ መግለጫ ቅጽ ይሞላል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ይህ መረጃ ከዕቃው ቀድሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለተቀባዩ አገር እንዲደርስ የኅብረቱ ደንብ ያስገድዳል። «ስጦታ» ወይም «ምግብ» ብሎ መጻፍ በቂ አይደለም፤ «2 ኪሎ ግራም የተፈጨ በርበሬ፣ 1 የጥጥ ነጠላ» በሚል መንገድ ዓይነቱ፣ መጠኑና ዋጋው ተዘርዝሮ በእውነት ሊሞላ ይገባል።

6. ክብደትና ልኬት

በዓለም አቀፍ የፈጣን መልእክት አገልግሎት ክፍያው የሚታሰበው በሚዛን ክብደት ብቻ ላይሆን ይችላል። ብዙ ድርጅቶች የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ5000 በማካፈል የሚገኘውን ቁጥር ከሚዛኑ ጋር ያነጻጽራሉ፤ ክፍያውም ከሁለቱ በሚበልጠው ይሆናል። ለምሳሌ 50፣ 40 እና 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን መሶብ ብቻ ይዞ 3 ኪሎ ግራም ቢመዝን እንኳ እንደ 12 ኪሎ ግራም ሊታሰብ ይችላል። ባዶውን ቦታ በሚላክ ልብስ መሙላት ወጪን ይቆጥባል፤ ትራስም ይሆናል። በዓለም አቀፍ ፖስታ የአንድ ጥቅል ጣሪያ በብዙ አገሮች 30 ኪሎ ግራም፣ በአንዳንዶቹ 20 ኪሎ ግራም ስለሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

7. ርክክብና አቤቱታ

ላኪው ከማሸጉ በፊት የዕቃውን፣ ካሸገ በኋላም የጥቅሉን ፎቶግራፍ ያንሣ፤ የመከታተያ ቁጥር ያለበትን ደረሰኝም ዕቃው እስኪደርስ ይጠብቅ። ዋጋው ከፍ ያለ ዕቃ ዋጋው ተገልጾ በመድን ሽፋን ቢላክ ይመረጣል። ከላይ በተዘረዘረው ሁሉ መከታተያና ደረሰኝ በሌለው መንገድ፣ በእምነት ብቻ ለአውቶቡስ ረዳት የሚሰጥ ዕቃ፣ ቢጠፋ ለአቤቱታ የሚሆን ማስረጃ እንደማይኖረው መታወቅ አለበት።

ተቀባዩ ካርቶኑ የተቀደደ፣ የረጠበ ወይም እንደገና የታሸገ መስሎ ከታየው ከመፈረሙ በፊት በሠራተኛው ፊት ከፍቶ ያረጋግጥ፤ ጉዳት ካለም በርክክቡ ሰነድ ላይ ያስመዝግብ። የተጎዳው ዕቃም ሆነ ማሸጊያው ምርመራው እስኪያልቅ መጣል የለበትም፤ አስተሻሸጉ በቂ እንደነበር የሚመሰክረው ማሸጊያው ራሱ ነውና። በአደራ ለተመዘገቡ ዓለም አቀፍ ፖስታዎችና ጥቅሎች የፍለጋ ጥያቄ የሚቀርበው ዕቃው ከተላከበት ማግስት ጀምሮ ባሉት 6 ወራት ውስጥ ነው። የአገር ውስጥ አገልግሎት የጊዜ ገደብ ግን እንደ ድርጅቱ ስለሚለያይ በማስረከብ ጊዜ መጠየቅ ይገባል።

ማጠቃለያ

ጥቅል ዕቃ ከላኪው እጅ ከወጣ በኋላ የዕቃውን ባሕርይ የማያውቁ ብዙ እጆች ይቀባበሉታል። ለእነርሱ ሁሉ ስለ ዕቃው የሚናገረው ማሸጊያው ብቻ ነው። ስለዚህ ተገልጋዮች ዕቃቸውን የሚጎዳውን ነገር አስቀድመው ለይተው፣ የተከለከለውን ትተው፣ ይዘቱን በእውነት ገልጸውና ማስረጃቸውን ይዘው እንዲልኩ ይመከራል። ይህን ያደረገ ላኪ ዕቃው በደኅና የመድረሱን ዕድል ከፍ ያደርጋል፤ ጉዳት ቢደርስ እንኳ መብቱን የሚጠይቅበት መሠረት ይኖረዋል።